ባለ ተሳቢ መኪናና አሮጌው ድልድይ፦ ለኮምቦልቻዋ የስምሪት ሠራተኛ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ማኅበር ስምሪት ላይ ነው የምሠራው። ከደረቅ ወደቡ ጭነው የሚወጡ መኪኖቻችን አንድ አሮጌ የኮንክሪት ድልድይ ያቋርጣሉ። ወንዙ ወደ ቦርከና የሚገባ ነው። ሁለት ባለ ተሳቢ ሲተላለፉበት ድልድዩ ይንቀጠቀጣል። አሁን ‹ከ20 ቶን በላይ ማለፍ ክልክል ነው› የሚል ምልክት ሊተከል ነው እየተባለ ነው። ከተተከለ ሥራችን ቆመ ማለት ነው። ዝም ከተባለ ደግሞ አንድ ቀን ሰው ይዞ ይወርዳል ብለን እንፈራለን። መሃል መንገድ የለውም ወይ?»

እህቴ፣ አለው። ብቻ ከድልድዩ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው ያለው። የወደቡ በር ላይ። ወደዚያ እመጣለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ድልድዩን ሳላይ «ይህን ያህል ቶን ይችላል» አልልዎትም። ሳያየው ቶን የሚነግርዎ ባለሙያ ካገኙም አይመኑት። ያ ቁጥር የሚወጣው ድልድዩ ተለክቶ፣ ፌሮው የት የት እንዳለ ታውቆ፣ ኮንክሪቱ ተፈትሾ፣ ከዚያ ተሰልቶ ነው። ይህን ማድረግ የመንገዱ ባለቤት ሥራ ነው። መንገዱ የፌዴራል ከሆነ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ የክልል ከሆነ የክልሉ መንገድ ቢሮ፣ የከተማ ውስጥ ከሆነ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። የማን እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁ። ብዙ ድልድይ የሚጎዳው ሁሉም «የነሱ ነው» ሲባባል ነውና።

ስለ መንቀጥቀጡ። የማይንቀጠቀጥ ድልድይ የለም። በቆየ የዲዛይን ልማድ የድልድይ መሃል መኪና ሲያልፍበት ከርዝመቱ አንድ ስምንት መቶኛ ያህል ቢረግብ አያስነቅፍም። ከድጋፍ እስከ ድጋፍ 12 ሜትር ላለው ድልድይ ይህ 15 ሚሊሜትር ነው። እግርዎ ሥር 15 ሚሊሜትር ወርዶ ሲመለስ ያስደነግጣል። ድልድዩ ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መንቀጥቀጡን ብቻ ይዘው ቢሮ ቢሄዱ አይሰሙዎትም። የሚሰማው ለውጥ ነው። አምና ያልነበረ ኳኳታ ዘንድሮ ከመጣ፣ አጥሩን ከጫፍ ሆነው ሲያዩት ቀጥ ያለው መስመር ከጎበጠ፣ መጋጠሚያው ላይ አንዱ ወለል ከሌላው ዝቅ ካለ፣ ያን ጊዜ ጉዳዩ ሌላ ነው።

በጋ ላይ ውሃው ሲጎድል ሥሩ ገብተው ይዩ። ቢሞቹ (ወለሉን የተሸከሙት አግዳሚዎች) መሃል ላይ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብዙም አያስጨንቅም። ኮንክሪት ጭነት ተሸክሞ ፌሮው ሥራ ሲጀምር እንዲህ ይሰነጠቃል። የሚያስጨንቀው ቢሙ ግንቡ ላይ ከሚያርፍበት አጠገብ ያለ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ነው። እሱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አይሰጥም። መሃሉ የደከመ ቢም ረግቦ፣ ጎብጦ፣ አስጠንቅቆ ነው የሚሄደው። ጫፉ ላይ በሰያፍ የሚቆረጠው ግን ድንገተኛ ነው። ኮንክሪቱ ረግፎ ፌሮው ወጥቶ ከዛገም ይመዝግቡ። አጠገቡ እስክሪብቶ አድርገው ፎቶ ያንሱ፣ ቀኑን ይጻፉ፣ በየወሩ ከዚያው ቦታ ይድገሙት። መሐንዲሱ ሲመጣ ከሺህ አቤቱታ ይልቅ እነዚህን ፎቶዎች ይፈልጋቸዋል።

ድልድዩን ማን መቼ እንደሠራው አልጻፉልኝም። የመስመሩ ታሪክ ግን የታወቀ ነው። ጣልያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ድረስ በዚህ አካባቢ ብዙ መንገድ ከፈተ። ኋላም በንጉሡና በደርግ ጊዜ ተጨመረበት። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚወርደው ለብዙ ዘመን ከአገሪቱ ዋና ዋና የጭነት መስመሮች አንዱ ነበር። ኮምቦልቻ የቆዩ ሹፌሮችን ቢጠይቁ የአሰብን ሙቀት ይነግሩዎታል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ጭነት ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ከተማዋ ላይ ደግሞ ደረቅ ወደቡና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተጨመሩ። መኪናው በዛ፣ ከበደም። ከመንገዱ ዳር ያሉት ትንንሽ ድልድዮች ግን ብዙዎቹ በነበሩበት ናቸው።

ልዩነቱን በቁጥር ልንገርዎ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1944 ለድልድይ ዲዛይን ያወጡት ከባዱ መኪና ጠቅላላ ክብደቱ 33 ቶን ገደማ ነበር። በዓለም ዙሪያ ብዙ ድልድይ ለዓመታት በዚያ መለኪያ ተሠርቷል። ዛሬ 400 ኩንታል የጫነ ባለ ተሳቢ የራሱ ክብደት ሲደመርበት 55 ቶን አካባቢ ይሆናል።

ይህን ሰምተው ግን አይደንግጡ። ድልድይ መኪናውን በጠቅላላው አይመዝነውም። የሚያውቀው በአንድ ጊዜ ላዩ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ባለ ተሳቢው 18 ሜትር ያህል ይረዝማል። ድልድዩ 12 ሜትር ከሆነ የፊቱ ጎማ ሲወጣ የተሳቢው የኋላ ጎማ ገና አልገባም። ስለዚህ 55 ቶኑ በሙሉ አንድም ቀን አያርፍበትም።

አሁን ደግሞ ማንም የማይጠረጥረውን መኪና ላንሳ። 16 ሜትር ኩብ የሚጭነውን ገልባጭ ሲኖ። እርጥብ አሸዋ ሞልቶ ሲመጣ አሸዋው ብቻ 28 ቶን ገደማ ነው። የመኪናው ክብደት ሲጨመር ከ40 ቶን ያልፋል። ይህ ሁሉ ደግሞ ከ10 ሜትር ባነሰ ርዝመት ውስጥ የታመቀ ነው። ለአጭር ድልድይ ከረጅሙ ባለ ተሳቢ ይልቅ ይህ ገልባጭ ሊከፋ ይችላል። ሰው የሚፈራው ግን ረጅሙን ነው፣ ስለሚያስፈራ። እርስዎም የጻፉልኝ ስለ ባለ ተሳቢ ብቻ ነው። እስቲ ለአንድ ሳምንት በዚያ ድልድይ ስንት አሸዋና ጠጠር የጫነ ገልባጭ እንደሚያልፍ ይቁጠሩ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መደበላለቅ አለ። የሚዛን ጣቢያ የሚቆጣጠረው የአክስል (የግራና የቀኝ ጎማን የሚያያይዘው ዘንግ) ክብደት መጀመሪያ የታሰበው ለአስፋልቱ ነው። የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) አገሮች የተስማሙበት ጣሪያ ለነጠላ አክስል 10 ቶን፣ ለሁለት ጥምር 16፣ ለሦስት ጥምር 24 ቶን ነው። አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በተደረገው ትልቅ የመንገድ ሙከራ የአስፋልት ጉዳት የአክስሉ ክብደት አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚያድገው ልክ እንደሚያድግ ታየ። 10 ቶን መሆን የነበረበት አክስል 12 ቶን ከሆነ ጉዳቱ በ20 በመቶ አያድግም፣ እጥፍ ይሆናል። ለድልድይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ለድልድይ ወሳኙ ስንት ቶን በስንት ሜትር ውስጥ እንዳለና ስንት መኪና ባንድ ጊዜ ላዩ ላይ እንዳለ ነው። ሚዛን ያለፈ መኪና ሁሉ ድልድይም ያልፋል ማለት አይደለም።

እንግዲህ ወደ ምልክቱ እንምጣ። ምልክት ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ከፈረንሳይ ልንገርዎ። ሚርፗ ሱር ታርን የምትባል መንደር አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1931 የተሠራ ተንጠልጣይ ድልድይ ነበር። የክብደት ጣሪያው 19 ቶን ነው፣ ምልክቱም ተተክሏል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ከ50 ቶን በላይ የሚመዝን፣ የመቆፈሪያ ማሽን የጫነ መኪና ገባበት። ድልድዩ ወደቀ። ሹፌሩና በሌላ መኪና ድልድዩ ላይ የነበረች የ15 ዓመት ልጅ ሞቱ። ምልክቱ በቦታው ነበር። ያልነበረው የሚያስቆም ሰው ነው።

የእኛ አገር ምልክት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ሹፌር የሚያስበው በኩንታል ነው፣ ያውም የጭነቱን ብቻ። «20 ቶን» የሚል ሲያይ «200 ኩንታል» ብሎ ይተረጉመዋል። የመኪናው የራሱ ክብደት 15 ወይም 17 ቶን መሆኑ ትዝ አይለውም። ስለዚህ ምልክት ከተተከለ በቶን ብቻ አይተከል። የመኪናው ሥዕል ይኑርበት፣ ለየትኛው መኪና ምን እንደተፈቀደ ይናገር። ለምሳሌ «ጭነት የያዘ ባለ ተሳቢና ገልባጭ፦ አንድ በአንድ፣ በመሃል፣ በሰዓት 10 ኪሎሜትር»። ይህ ለሹፌር የሚገባ ቋንቋ ነው።

የጠየቁኝ መሃል መንገድም ይኸው ነው። አንድ በአንድ፣ በመሃል፣ በቀስታ። እያንዳንዱ የሚያተርፈውን ላሳይዎት።

አንድ በአንድ ሲሆን ድልድዩ ላይ የሚያርፈው ከባድ ጭነት በግማሽ ይቀንሳል። ሁለት ባለ ተሳቢ ጎን ለጎን ሲተላለፉ ነው የሚንቀጠቀጠው ብለዋል። መተላለፉን ብቻ ካስቀሩ ዋናውን አስቀሩ። ለዚህ ድልድዩን ማጠናከር አያስፈልግም።

በመሃል ሲሄድ ደግሞ ሸክሙ ለሁሉም ቢሞች ይከፋፈላል። መኪና ዳሩን ይዞ ሲሄድ የዳሩ ቢም ብቻውን ይጨነቃል። የዳሩ ቢም ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝናብ የሚወርድበት፣ ፌሮው ቀድሞ የሚዝገው እሱ ነው።

ቀስ ማለቱን ሰዎች ይንቁታል። እኔ ግን እዚህም ላይ ትልቅ ትርፍ አያለሁ። የዲዛይን መመሪያዎች ለሚነጥር መኪና እስከ 33 በመቶ ተጨማሪ ጭነት ያስባሉ። 24 ቶን የያዙ ሦስት ጥምር አክስሎች በፍጥነት ሲገቡ እንደ 32 ቶን ይቆጠራሉ። መኪናው በሰው እርምጃ ፍጥነት ሲሄድ ይህ ተጨማሪ ወደ ምንም ይጠጋል። የ8 ቶን ልዩነት ነው። ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ 80 ኩንታል አወረደ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ርካሽ ሥራ አለ። ወደ ድልድዩ መግቢያ ላይ ጉድጓድ ወይም እብጠት አለ? ልወራረድ፣ አለ። ከግንቡ ጀርባ ያለው አፈር እየተጠቀጠቀ ይወርዳል፣ መንገዱ ከድልድዩ ያንሳል። መኪና እዚያ ወድቆ ሲነሳ ነው ድልድዩን የሚደበድበው። ጉድጓዱን በወጉ መድፈን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከሚያስፈራዎት መንቀጥቀጥ ከፊሉ በዚህ ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ሌላ ምንም ባይደረግ እንኳ ይህ ይደረግ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መተላለፊያውን ወደ አንድ መስመር ሲያጠቡት የኮንክሪት ማገጃ እንዳይደረድሩበት። ያ ግንብ መሰሉ የመንገድ ማገጃ በአንድ ሜትር 600 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በሁለት ረድፍ 12 ሜትር ሲደረደር 14 ቶን ነው። ድልድዩን ልናድን ብለን ቀንና ሌሊት የማይወርድ ጭነት ጫንንበት ማለት ነው። ባዶ የፕላስቲክ በርሜል ወይም የተቀባ ምሰሶ ይበቃል። ማገጃ ካስፈለገ ከድልድዩ ውጭ፣ መግቢያው ላይ ይሁን።

አስፋልትም እንዲሁ ነው። መንገድ በታደሰ ቁጥር ድልድዩም ላይ ይደረባል። 5 ሳንቲሜትር አስፋልት በ7 ሜትር ስፋትና በ12 ሜትር ርዝመት 10 ቶን ገደማ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ የተደረበበት ድልድይ መኪና ሳይመጣበት ደክሞ ይጠብቃል። አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 የወደቀው ትልቅ ድልድይ 13 ሰው ገድሏል። መሠረታዊ ችግሩ ሲሠራ የብረት መጋጠሚያ ሰሌዳዎቹ ቀጭን መሆናቸው ነበር። በዚያ ቀን ግን ላዩ ላይ ለጥገና የተከመረ ከ250 ቶን በላይ ጠጠር፣ አሸዋና ማሽን ነበረበት። ስለዚህ ኮንትራክተር መጥቶ ድልድዩ ላይ ጠጠር ቢደፋ ዝም አይበሉ።

ከፍታ የሚገድብ የብረት በር ይተከል የሚል ሐሳብም ይነሳል። ለእናንተ አይሠራም። ባዶ ኮንቴይነርና ሙሉ ኮንቴይነር ቁመታቸው እኩል ነው። አሸዋ የጫነው ገልባጭ ደግሞ ከሥሩ አንገቱን ሳያጎነብስ ያልፋል።

አሁን ወደ ወደቡ በር። እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው ድልድዩ ጋ የሚሰለፉት መኪኖች ጥቂት ከሆኑ ነው። ሃያ መኪና ተሰልፎ ጥሩምባ ሲያስጮህ ባንዲራ የያዘ ልጅ ምን ያደርጋል? ይለቃቸዋል። ከዚያ ሁሉም ነገር ወደነበረበት ይመለሳል።

ሒሳቡን ይመልከቱ። ድልድዩ ከነመግቢያና መውጫው 40 ሜትር ይሁን። መኪናው 18 ሜትር ነው። በሰዓት 10 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 2.8 ሜትር ይጓዛል። ገብቶ ጅራቱ እስኪወጣ 21 ሰከንድ ነው። ለመነሳትና ለመተያየት ጨምረን 40 ሰከንድ እንበል። አምስት ከዚህ፣ አምስት ከዚያ እያስተላለፍን፣ አቅጣጫ ሲቀየር 30 ሰከንድ ብንጠብቅ፣ አሥር መኪና በስምንት ደቂቃ ያልፋል። በሰዓት ከ70 በላይ ነው። ባጃጁ፣ ጋሪውና እግረኛው ሲጨመር ወደ 50 ይውረድ። ሃምሳ ከባድ መኪና በሰዓት! ከደረቅ ወደቡ ቀኑን ሙሉ በእኩል ቢወጡ ማንም ሰልፍ የሚባል ነገር አያይም።

ሰልፉን የሚፈጥረው በጅምላ መውጣት ነው። የጉምሩክ ወረቀት በአንድ ላይ ያልቃል፣ ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) መውጫ ወረቀቶቹን በአንድ ላይ ይዞ ይመጣል፣ ሹፌሩም ሳይመሽ ለመውጣት ይጣደፋል። ከዚያ ሠላሳ መኪና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድልድዩ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ መውጫ ወረቀት ላይ ሰዓት ይጻፍበት። «4፡20 ላይ በር» ተብሎ። በየሦስት ደቂቃው አንድ የጫነ መኪና ከወጣ በሰዓት 20 ነው። ድልድዩ ይህን በእንቅልፍ ልቡ ያሳልፈዋል። ይህን ሥራ የምትሠሩት ደግሞ እናንተ የስምሪት ሰዎች ናችሁ። መሐንዲስ አይሠራውም።

በሩን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ክብደቱ የሚታወቀው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 አጋማሽ ጀምሮ በዓለም አቀፍ ሕግ ማንኛውም ሙሉ ኮንቴይነር የተረጋገጠ ጠቅላላ ክብደቱ ሳይጻፍ መርከብ ላይ አይጫንም። በጅቡቲ የመጣላችሁ ኮንቴይነር ሁሉ ክብደቱ ወረቀት ላይ አለ። ድልድዩ ጋ ቆሞ መገመት ለምን አስፈለገ? ወረቀቱን የሚያየው የበሩ ሠራተኛ መኪናውን በሦስት ይመድበው። ባዶ ከሆነ እንደማንኛውም መኪና ይለፍ። መካከለኛ ከሆነ በቀስታ ይለፍ። ሙሉ ከሆነ በሰዓቱ፣ አንድ በአንድ። መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ባለ ቀለም ወረቀት ይሰጠው። ድልድዩ ጋ ያለው ሰው ቀለሙን ብቻ ያያል። ወደቡ ውስጥ ተራግፎ በኤፍኤስአር (በመለስተኛው የኢሱዙ ጭነት መኪና) እንደገና የሚጫን ዕቃ ግን ያ ወረቀት የለውም፣ እሱ ይመዘን።

አጭሩ ኮንቴይነር ላይ አተኩሩ። ባለ 20 ጫማውም ባለ 40 ጫማውም የተለመደው የጠቅላላ ክብደት ጣሪያቸው አንድ ነው፣ 30.48 ቶን። ብረት ወይም ሴራሚክ የሞላ ባለ 20 ጫማ ያንኑ ክብደት በግማሽ ርዝመት ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሁለቱን በአንድ መኪና ከመጫን አንድ አንድ ማድረግ ጉዞ ይጨምራል፣ ወጪም ያመጣል። ባለቤቶቹ ያጉረመርማሉ። መንገዱ ከተዘጋ የሚከፍሉትን አስልተው ያሳዩአቸው።

መጠበቂያ ቦታውን አይርሱ። ሹፌር ሻይ የሚያገኝበት፣ ጥላና ሽንት ቤት ያለበት ካልሆነ ማንም እዚያ አይጠብቅም። መጥቶ ድልድዩ አፍ ላይ ይቆማል። የወረፋው ዝርዝርም በግልጽ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ካልተለጠፈ ተራ አስከባሪ ይፈጠራል፣ ተራ ይሸጣል፣ ከዚያ ሥርዓቱ በሁለት ሳምንት ይፈርሳል። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ በዚያ አቅጣጫ የሚሄዱትን ያሳሱ። ከደሴ ቁልቁለቱን ወርደው የሚመጡት ፍሬናቸው ግሎ ነው የሚደርሱት። ለነሱ መቆሚያው ከድልድዩ ራቅ ብሎ፣ ሜዳው ላይ ይሁን። ድልድዩ ላይ ፍሬን መያዝም መቆምም የለም። መውጫው ባዶ መሆኑን ሳያይ ማንም አይግባ።

ማኅበራችሁ ግን በራሱ ሥልጣን የሕዝብ መንገድ ላይ መኪና ማስቆም አይችልም። የመንገዱ ባለቤት ደብዳቤ፣ ትራፊክ ፖሊስ፣ ወደቡና ማኅበሮቹ አንድ ላይ ተቀምጠው መስማማት አለባቸው። አንዱ ማኅበር ብቻውን ቢጀምር ሌሎቹ ቀድመው ያልፉታል፣ እሱም ይተወዋል።

ይህ ሁሉ የድሃ አገር መላ እንዳይመስልዎት። የአሜሪካው ሎንግ ቢች ወደብ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1968 የተከፈተ ጄራልድ ዴዝመንድ የሚባል ድልድይ ነበር። ሲያረጅ ኮንክሪቱ እየረገፈ ሲያስቸግር ከሥሩ መረብ ወጠሩለት። የወደቡ መኪኖች እንዲያ ሆኖ ለዓመታት አለፉበት። አዲሱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። አሮጌ ድልድይን እየጠበቁ መጠቀም የተለመደ ነው፣ ጠባቂ እስካለው ድረስ።

አንዳንዱ ደግሞ «ከሥሩ ምሰሶ እናቁምለት» ይላል። እንጨት ወይም የብረት ቱቦ። እባክዎ ያለ መሐንዲስ እንዳይነኩት። ቢሙ ሲሠራ ፌሮው የተቀመጠው መሃሉ ወደ ታች እንደሚረግብ ታስቦ ነው፣ ከታች በኩል። መሃሉ ላይ ምሰሶ ሲገባ ቢሙ ምሰሶው ባለበት ቦታ በላይኛው በኩል ይለጠጣል። ላይኛው በኩል ደግሞ በቂ ፌሮ የለውም። ያልነበረበትን ስንጥቅ አመጣችሁበት ማለት ነው። ክረምት ሲመጣ ያ ምሰሶ ግንድና ቁጥቋጦ ይይዛል፣ ውሃውን ይገድባል፣ ወንዙም በጎን ግንቡን ይቦረቡራል። አጠገቡ ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ መዘርጋት ከተቻለ እሱ የተሻለ ነው፣ ለብዙ ቦታም ተደርጓል።

ወንዙን ካነሳሁ አይቀር፣ ከጭነቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በብዙ አገር ድልድይ የሚወድቅበት ዋናው ምክንያት ውሃ መሠረቱን ሲያጥበው እንጂ መኪና ከብዶት አይደለም። የእናንተ አካባቢ ወንዞች ክፉ ናቸው። ቦርከና ራሱ ከደሴ በዶሮ መዝለያ በኩል የሚወርደው በቁልቁለት ነው። ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል ኮምቦልቻ ፀሐይ ሆኖ ሳለ ደራሽ ይመጣል። ከድልድዩ በታች አሸዋ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ከታች አሸዋ ሲወሰድ የወንዙ ወለል ይወርዳል፣ የግንቡ እግር ባዶ ይቀራል። ያ ገልባጭ ሲኖ ድልድዩን ከላይም ከታችም ነው የሚያጠቃው። አሸዋ ማውጣቱ ከድልድዩ በላይም በታችም ርቆ እንዲሆን ጠይቁ። የግንቡ እግር በጋቢዮን (ድንጋይ በሞላው የሽቦ ሳጥን) እና በትልልቅ ድንጋይ ይከለል። ከእያንዳንዱ ትልቅ ጎርፍ በኋላ ውሃው ሲጎድል አንድ ሰው ረጅም ዘንግ ይዞ በግንቡ ዙሪያ ይውጋ። ባለፈው አንድ ሜትር የገባው ዘንግ አሁን ሁለት ሜትር ከገባ፣ ወይም ከመሠረቱ ሥር ባዶ ቦታ ካገኘ፣ ለመሐንዲሱ በዚያው ቀን ይነገር። ጎርፍ ሲሞላ ግን ማንም አይግባ፣ ዘንጉ ይቆይ።

ድልድዩ ጋ ለምታቆሟቸው ሁለት ሰዎች በወረቀት ጽፋችሁ የምትሰጧቸው ይህ ይሁን። ውሃው የቢሙን ሥር ከነካ፣ ግንቡ ካዘመመ ወይም ከተሰነጠቀ፣ መግቢያው ላይ መንገዱ ድንገት ከወረደ፣ ቢሙ ጫፍ ላይ አዲስ ሰያፍ ስንጥቅ ከታየ፣ ባዶም ሆነ ሙሉ፣ ባጃጅም ቢሆን፣ ማንም አያልፍም። መጀመሪያ በሁለቱም በኩል ይዝጉ። ስልክ የሚደውሉት ከዚያ በኋላ ነው። የማን ስልክ ቁጥር ላይ እንደሚደውሉም እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍላቸው፣ የትራፊክ ፖሊሱም የመንገዱ ባለቤትም የወደቡ በርም፣ የሌሊቱ ተረኛ ጭምር።